ከሰሜን ሸዋ አፋፍ ወደ ቆላው፦ ለኮርስ ብስክሌት የትኛው መንገድ ይሻላል?

በሰሜን ሸዋ ኮርስ፣ ማለትም ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ብስክሌት፣ ሊነዳ ያሰበ ሰው ከኪሎሜትሩ በፊት ማየት ያለበት ከተሞቹ የተቀመጡበትን ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጣርማበር ከ3,000 ይዘላል። አንኮበርም ለሚም አፋፍ ላይ ናቸው። ሌላ አገር ብስክሌተኛው ሸለቆ ውስጥ አድሮ ጠዋት ተራራውን ይወጣል፤ ማታ እየተንሸራተተ ይገባል። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ጠዋት ከማደሪያችሁ ስትወጡ መንገዱ ራሱ ይዟችሁ ይወርዳል። ዳገቱ የሚመጣው ከሰዓት፣ ፀሐይ ስትበረታ፣ ኮዳው ሲያልቅና እግር ሲዝል ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ መሆን የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አምስት መንገዶች ያወዳደርናቸው በዋናነት «ዳገቱ በስንት ሰዓት ላይ ይመጣል?» በሚለው ጥያቄ ነው። ርቀቱና እይታው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። መንገዶቹ ደብረ ብርሃን–ጫጫ–ሸኖ፣ ደብረ ብርሃን–ጉዶ በረት–ጣርማበር፣ ሸዋ ሮቢት–ደብረ ሲና–ጣርማበር፣ ደብረ ብርሃን–አንኮበር እና ሙከጡሪ–ለሚ–ጀማ–ዓለም ከተማ ናቸው።

የመሬቱን አቀማመጥ በአንድ ነገር መያዝ ይቻላል፤ ጣርማበር የውኃ መለያያ ነው። ከምዕራቡ በኩል የወረደ ዝናብ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ከምሥራቁ በኩል የወረደው ደግሞ በሮቢ ወንዝ ወደ አዋሽ። ምሥራቁ የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ስለሆነ መንገዱ አንድ ጊዜ ወርዶ ቆላ ላይ ይቀራል። ምዕራቡ ግን ሜዳ መስሎ ይቆይና በድንገት ወንዝ በቆረጠው ገደል ይሰነጠቃል፤ ወርዳችሁ ስታበቁ ማዶው እንደገና ዳገት ነው። የሸዋ ሮቢትንና የጀማን መንገድ የሚለያቸው ይኸው ነው።

ጫጫና ሸኖ፦ እግር ማፍታቻ

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ጫጫ 20 ኪሎሜትር፣ ሸኖ ደግሞ 50 ኪሎሜትር ያህል ነው። ከፍታው ብዙ አይለዋወጥም፤ ቀላል ወጣ ገባ ብቻ ነው። ለጀማሪ፣ አዲስ ብስክሌት ለሚሞክር፣ ወይም ከቆላ መጥቶ የደጋውን አየር ለሚለማመድ ሰው ይበቃል። ሌላ የሚባልለት ነገር የለም። መንገዱ የአዲስ አበባ–ደሴ ዋና መስመር ስለሆነ ተሳቢው፣ አይሱዙው፣ ዶልፊኑ ያለማቋረጥ ያልፋል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ይሻላል።

ስለ አየሩ ካነሳን፣ 2,800 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል 72 በመቶ ገደማ ነው፤ ጣርማበር ላይ 68 በመቶ ይሆናል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 86 በመቶ ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ልዩነቱን ያን ያህል አያስተውለውም። ከአዳማ፣ ከሐዋሳ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ግን ሁለት ሦስት ቀን እዚህ ሜዳ ላይ ሳይነዳ ወደ ጣርማበር ባይሄድ ይመረጣል። ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ካለ ሌላ አንድ ቀን መጨመር ነው።

ደብረ ብርሃን–ጣርማበር፦ ጠላቱ ነፋስ ነው

ደርሶ መልስ 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ረጅም ዳገት የለውም፤ በጉዶ በረት በኩል እየተነሳና እየተቀመጠ ወደ አፋፉ ይወጣል። የሚያደክመው ነፋሱ ነው። በበጋ ነፋሱ ባብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚመጣ ወደ ጣርማበር ስትሄዱ ፊታችሁን፣ ስትመለሱ ጀርባችሁን ይመታል። ይህ ለናንተ ጥሩ ነው፤ ጉልበት ባለበት ሰዓት ተጋፍጣችሁ፣ በደከመ ሰዓት ትገፋላችሁ። ነገር ግን ብቻውን የሚነዳ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ሰዓቱን አይቶ ተስፋ አይቁረጥ፤ መልሱ ከመውጫው ሩብ ወይም ሲሦ በሚያንስ ጊዜ ያልቃል። አራት አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ በየሁለት ደቂቃው ፊተኛውን እየቀያየራችሁ ተከታትላችሁ ንዱ። ነፋሱ ከጎን ሲሆን ግን ሰልፉ ወደ መሐል መንገድ ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ሰልፉን ትቶ በቀኝ ጠርዝ አንድ በአንድ መሄድ ነው።

የመነሻ ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ማለዳ ተነሱ» የሚለው ምክር ለቆላው እንጂ ለዚህ አይሠራም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ይጥላል፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ጣት ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መነሳት ትርፍ የለውም። ጓንት ሙሉ ጣት የሚሸፍን ይሁን። የነፋስ ጃኬት ከሌለ ጋዜጣ አጥፎ ከሹራቡ ሥር ደረት ላይ ማድረግ የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራል።

ሸዋ ሮቢት–ደብረ ሲና–ጣርማበር፦ ከአምስቱ አንድ ብቻ ምረጡ ከተባለ

ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ሲና 35 ኪሎሜትር ነው። ከደብረ ሲና እስከ ጣርማበር ዋሻ ሌላ 10 ኪሎሜትር ገደማ አለ። ከ1,300 ሜትር ተነስቶ ወደ 3,200 ይጠጋል። 1,800 ሜትር ዳገት፣ በ45 ኪሎሜትር ውስጥ። አማካዩ 4 በመቶ ብቻ ስለሆነ በወረቀት ላይ የዋህ ነው፤ ነገር ግን እኩል አይከፋፈልም። ከሮቢት ሲወጡ መንገዱ ሸለቆውን ይዞ ለስለስ ብሎ ይሄዳል፤ አርማንያን እያለፈ ይበረታል፤ ከደብረ ሲና በላይ ጠመዝማዛው ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚከሽፈው የመጀመሪያዎቹን 15 ኪሎሜትር በፍጥነት ነድቶ ነው። እዚያ ላይ ከሰው ጋር ማውራት ካቃታችሁ ከመጠን በላይ እየነዳችሁ ነው።

ይህን መንገድ ከታች ወደ ላይ እንድትነዱት እንመክራለን፤ ከላይ ወደ ታች አይደለም። ምክንያቱ ሰዓቱ ነው። ከታች የሚነሳ ሰው ሮቢት አድሮ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይወጣል። መካከለኛ ብስክሌተኛ በሰዓት 450 እስከ 500 ሜትር ከፍታ ይጨምራል ብለን ብናስብ 3 ሰዓት አካባቢ ደብረ ሲና ይደርሳል፤ ሻይ ጠጥቶ፣ ውኃ ሞልቶ፣ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ጣርማበር ላይ ነው። ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ እሱም ወደ ብርዱ እየወጣ ስለሆነ ሙቀቱ አይደርስበትም። ከላይ የሚነሳ ግን ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ ቀዝቅዞ ወርዶ፣ 6 ሰዓት ላይ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ይገባና ወደ ላይ ሊመለስ ይሞክራል። ከዚያ ቀን በኋላ ብስክሌቱን የሸጠ ሰው ቢኖር አይገርመንም።

ማርሹ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ልዩነቱ እዚህ ይታያል። የቆየ ኮርስ ብስክሌት ባብዛኛው ፊት 39 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ 25 ጥርስ ነው። በዚህ ማርሽ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ 12 ኪሎሜትር በሰዓት ገደማ ትሄዳላችሁ። ከዚያ በታች መሄድ ማለት እያንዳንዱን ዙር በጉልበት መግፋት ነው፤ ለሦስት ሰዓት ዳገት ላይ ይህን ማድረግ ጉልበትን ያሳምማል። ፊት 34፣ ኋላ 32 ከሆነ በዚያው 60 ዙር 8 ኪሎሜትር በሰዓት ትሄዳላችሁ። ያቺ 4 ኪሎሜትር ልዩነት ናት ቁጭ ብሎ የሚወጣውንና ቆሞ የሚታገለውን ሰው የምትለየው። ኋላውን ከመቀየራችሁ በፊት የማርሽ ቀያሪው ክንድ ርዝመት ትልቁን ጥርስ መቀበሉን አረጋግጡ፤ አጭር ክንድ ያለው ከ28 ጥርስ በላይ ብዙ ጊዜ አይሸከምም፤ ሰንሰለቱም ሊያጥር ይችላል። አጥሮ ፊት ትልቁና ኋላ ትልቁ ላይ አንድ ላይ ከገባ ቀያሪውን ይሰብራል።

ምግብ፦ 83 ኪሎ የሚመዝን ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 1,800 ሜትር ለመውጣት ሰውነት 1,500 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ከቁርስ ውጭ በየሰዓቱ ከ40 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለበት ምግብ ይፈልጋል፤ ሁለት ሙዝ፣ ወይም ማር የተቀባ ሁለት ቁራጭ ዳቦ። ቆሎ ለሜዳ ጥሩ ነው፤ ዳገት ላይ ግን እየተነፈሱ ማኘክ ስለማይቻል ትን ይላል። በሶ ያለ ጥርጥር ከሁሉ ይበልጣል፤ ስኳርና ቁንጥጫ ጨው ጨምሮ መበጥበጥ ነው። ግን በብስክሌት ኮዳ ውስጥ አታድርጉት፤ ጠባቡ አፍ ላይ ይጋገርና ይደፍናል። አፉ ሰፊ በሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ ደብረ ሲና ላይ ቁጭ ብላችሁ ጠጡት። ውኃ እስከ ደብረ ሲና ሁለት ባለ 750 ሚሊሊትር ኮዳ ይበቃል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ሦስተኛ ጨምሩ።

አሁን ስለ ዋሻው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያሠራው የጣርማበር ዋሻ ከግማሽ ኪሎሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ በሰዓት 18 ኪሎሜትር ብትነዱ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ሁለት ደቂቃው ረጅም ነው። ከጠራራ ፀሐይ ሲገቡ ዓይን ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም፤ ወለሉ ከጣሪያው በሚንጠባጠብ ውኃ እርጥብ ነው፤ የናፍጣ ጭሱ ይጠነክራል። የሚከተለውን አድርጉ። መግቢያው ላይ ከመንገድ ወጥታችሁ ቁሙ፤ የፀሐይ መነጽር አውልቁ፤ የፊትና የኋላ መብራት አብሩ። የኋላው ብልጭ ድርግም የሚል ሳይሆን ወጥ ብርሃን ይሁን፤ ጨለማ ውስጥ ብልጭታ ርቀትን ለሾፌር ያዛባል። ከዚያ ጆሮ ስጡ። የከባድ መኪና ድምፅ ውስጥ እየጮኸ ከሆነ እስኪወጣ ጠብቁ፤ ከኋላችሁም ተሳቢ እየመጣ ከሆነ አሳልፉት። ስትገቡ ከግድግዳው አንድ ሜትር ርቃችሁ ንዱ፤ ጥጉ ላይ ጭቃና ጠጠር ይከማቻል። ስልክ መብራት አይሆንም፤ መሪ ላይ አይጸናም።

ከዋሻው ወጥቶ ላብ ሳይደርቅ አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ለብርድ መጋለጥ ነው፤ መጀመሪያ ደረቅ ልብስ። ጭላዳዎቹ አይሄዱባችሁም።

ወደ ታች ለመንዳት የወሰነ

ምክራችንን ሰምቶ የሚቀበል ሁሉ አይደለም፤ ቁልቁለቱ ይጣፍጣል። ስለዚህ ከጣርማበር ወደ ሮቢት ለሚወርድ ሁለት ነገር።

አንደኛው ፍሬን ነው። 1,800 ሜትር ሲወርዱ ያ ሁሉ ጉልበት በነፋስ ካልተወሰደ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ቸርኬውን የሚይዝ የጎማ ፍሬን ካላችሁ ያለማቋረጥ በትንሹ አትያዙ፤ ከመታጠፊያው በፊት ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ልቀቁ፤ መታጠፊያው ውስጥ ጎማው ይዞር። ፊትና ኋላውን አከፋፍሉ። ደብረ ሲና ላይ ቆማችሁ አንድ ጠብታ ውኃ ቸርኬው ላይ ጣል አድርጉ፤ ከፈላ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። በጣም የጋለ ቸርኬ የውስጥ ጎማውን ያፈነዳዋል፤ የካርቦን ቸርኬ ደግሞ ራሱ ሊበላሽ ይችላል፤ እዚህ መንገድ ላይ አሉሚኒየም ይሻላል። የዲስክ ፍሬን የተሻለ ነው፤ ግን ሲግል ውኃ አታፍሱበት፤ ዲስኩ ይጣመማል። ፉጨት ከጀመረና ሲይዙት የሚያንሸራትት ከመሰለ ሸራው ተቃጥሎ መስታወት ሆኗል ማለት ነው፤ ቆሞ ማቀዝቀዝ፣ ማታ በሸካራ ወረቀት ማሸት፣ ካልተሻለው መቀየር።

ሁለተኛው የጎማ ግፊት ነው፤ ይህን የሚያስብ ጥቂት ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በ5 ዲግሪ ብርድ 28 ሚሊሜትር ጎማ 5 ባር ብትነፉ፣ ሮቢት ላይ ጎማው 35 ዲግሪ ሲሞቅ አየሩ ይለጠጣል፤ ከሙቀቱ ብቻ 0.6 ባር ይጨምራል። ታች የውጭ አየር ግፊት ከፍ ስለሚል ከዚያ 0.15 ገደማ ይቀነሳል። ጠቅላላው ግማሽ ባር ያህል ጭማሪ ነው። ከፍሬን ሙቀት ጋር ሲደመር ዳር ላይ ለነበረ ጎማ አደጋ ነው። ስለዚህ ለመውረድ የምትነፉት ከወትሮው ግማሽ ባር ቀንሳችሁ ይሁን። ወደ ላይ ለሚወጣ ግን ምንም ማስተካከል አያስፈልግም፤ ከፍታው የሚጨምረውን ብርዱ ይመልሰዋል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ አፍንጫም መሣሪያ ነው። ከኋላ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተታችሁ ፍሬኑ የጋለ ከባድ መኪና ቀርቧችኋል፤ ወዲያው ከአስፋልት ውጡ። በሌላ በኩል ዳገት የሚያዘግመውን አይሱዙ ይዞ መጎተት አደገኛ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ማርሽ ሲቀይር የሚፈጥረው ድንገተኛ መንገጫገጭ ወደ ኋላ ጎማው ሥር ያስገባል።

አንኮበር

ከደብረ ብርሃን 42 ኪሎሜትር ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችውን ከተማ ለማየት ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ላይ ገብስና ባቄላ መሐል ተጉዞ በድንገት ምሥራቁ ክፍት ይሆናል፤ ከታች የአፋር ቆላ ጭጋግ ውስጥ ይታያል። ለኮርስ ብስክሌተኛ ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው። አንደኛ፣ አፋፉ ላይ ያለው መውረጃ ከጣርማበሩ አጭር ሆኖ በጣም ያዘቀዘቀ ነው፤ ጠመዝማዛው ላይ ከክረምት ናዳ የቀረ አፈርና ጠጠር ስለሚገኝ ባለ 23 እና 25 ሚሊሜትር ጎማ ያንሸራትታል። 32 ሚሊሜትር የሚገባለት ብስክሌት ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ ዳገቱ የሚመጣው መልስ ላይ ነው፤ ያውም ምሳ በልቶ በቀዘቀዘ እግር፣ ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮ። መፍትሔው አንኮበር አድሮ ጠዋት መውጣት ነው። ቀን ብቻ ካላችሁ አፋፉ ላይ ቆማችሁ እይታውን ጠጥታችሁ ሳትወርዱ ተመለሱ፤ 80 ኪሎሜትር ገደማ ጥሩ ቀን ይሆናል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ መቀጠል ለኮርስ አይደለም፤ ያ የማውንቴን ሥራ ነው።

ጀማ፦ ሁለት ቀን ላለው

ከሙከጡሪ እስከ ዓለም ከተማ 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ መካከሉ ላይ ለሚ አለች፤ ከለሚ በኋላ መሬቱ ይሰነጠቃል። ከአፋፉ እስከ ጀማ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ መውረድ ነው፤ ከዚያ ዓለም ከተማ ወዳለችበት ወደ መርሐቤቴ መውጣት። ከሮቢት የሚለየው መሸሻ የሌለው መሆኑ ነው። ሮቢት ላይ ከታች አድራችሁ ወደ ላይ በመንዳት የሰዓቱን ችግር ትፈታላችሁ። ጀማ ግን የሆሄ «ሀ» ቅርጽ አለው፤ ከየትኛውም ጫፍ ብትነሱ መጀመሪያ መውረድ፣ ቀጥሎ መውጣት ነው። መልሱም እንዲሁ።

የቀረው ብልኃት ቀድሞ መነሳት ብቻ ነው። እስከ ለሚ በመኪና ሄዶ እዚያ ማደር የመጀመሪያውን የሜዳ ክፍል ያስቀርላችኋል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከለሚ ከወረዳችሁ 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ድልድዩ ላይ ናችሁ፤ 4 ሰዓት አካባቢ ዓለም ከተማ ትገባላችሁ። ሕጋችን አንድ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ድልድዩን ያልተሻገረ ሰው ወደ መጣበት ይመለስ። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ጥላ የለውም፤ ድንጋዩ ሙቀቱን መልሶ ይተፋል። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውኃ ከለሚ ይያዝ፤ የወንዙን ውኃ ሳያፈሉ መጠጣት አይታሰብም። መኪና ከዋናው ሮቢት መስመር እጅግ ያነሰ ነው፤ ይህ ጸጥታ ደስ ይላል፤ ግን ብስክሌት ሲሰበር የሚጭናችሁ መኪና ለማግኘት ረጅም ጊዜ መጠበቅም ማለት ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ።

ሚያዝያና ግንቦት ይህን መንገድ ተዉት። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜው ነው።

ጎማ፣ እሾህ፣ ውሻ

ጎማ የሚበሳው ነገር ከደጋ ቆላ ይለያያል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ የጠርሙስ ስባሪ ነው፤ ከተማ መግቢያዎች ላይ። ሮቢትና ጀማ ላይ የግራር እሾህ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ የውስጥ ጎማ ቀይራችሁ ስትነፉ ደግሞ ይበሳዋል። ከመቀየራችሁ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጡን በጣት ቀስ ብላችሁ ዙሪያውን ዳብሱ። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ያዙ፤ ቁራጩ የውጭው ጎማ ሲቀደድ ከውስጥ ይደገፍበታል። በየከተማው ጎሚስታ አይታጣም፤ ግን የኮርስ ጎማ ቀጭን ቫልቭ ስላለው የጎሚስታው መንፊያ አይገጥምለትም። ትንሽ የናስ አዳፕተር ወይም የራስ ፖምፓ ያስፈልጋል።

ከኅዳር እስከ ጥር አውድማው አስፋልት ዳር ሲደርስ ገለባ መንገድ ላይ ይበተናል፤ ደረቅ ገለባ ላይ ፍሬን መያዝ በበረዶ ላይ እንደመያዝ ነው። የተጫነ አህያ ከኋላው ድምፅ የሌለው ነገር ሲመጣ ይበረግጋል፤ 30 ሜትር ሲቀራችሁ «መንገድ! መንገድ!» ብላችሁ ድምፃችሁን አሰሙ፤ ባለቤቱም አህያውን ይይዛል። በጎች ደግሞ አንዷ ከተሻገረች ሌሎቹ አይቀሩም፤ በመሐላቸው ለማለፍ አትሞክሩ። የእረኛ ውሻ ከሮጠባችሁ ዳገት ላይ አታመልጡትም። ውረዱ፤ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጋችሁ በእግር ሂዱ። ግዛቱን ስትጨርሱ ይተዋችኋል።

ከመነሳት በፊት በነበረው ምሽት

የጸጥታውን ሁኔታ የምትጠይቁት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከሾፌሮችና ከረዳቶች ነው። ዶልፊንና ሚኒባስ ያልወጣበት መስመር ላይ ብስክሌት አይወጣም፤ በቃ። መታወቂያ ይያዝ፤ ኬላ ላይ ወርዳችሁ በእግር እለፉ፤ መሪው ላይ ወይም ሄልሜት ላይ የተገጠመ ካሜራ ካለ ከኬላው በፊት አውልቃችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጣርማበር ላይ ጉሙ መኪና ከአሥር ሜትር ስለማያሳይ አምስቱንም መንገድ ትታችሁ ቤት ሆናችሁ ሰንሰለት እጠቡ። በልግ ሲጥል ደግሞ ከሰዓት በኋላ አፋፉ ላይ አትገኙ።

ሮቢት ለማደር ብስክሌቱን በመኪና ማውረድ ስላለባችሁ ስለ አጫጫን አንድ ነገር እንበል። ዋጋውን ፖርቶ መጋላው ላይ ሳይወጣ ተስማሙ። ፔዳሎቹን ፍቱ፤ የፊት ጎማውን አውጥታችሁ ከፍሬሙ ጎን እሰሩ፤ ማርሽ ቀያሪው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ። ረዳቱ የሚያስርበት ሲባጎ ፍሬሙን ይቦጭራል፤ አሮጌ የውስጥ ጎማ በቁመቱ ቆርጣችሁ የራሳችሁን ማሰሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ይለጠጣል፤ አይላላም። ሲወርድ ጎማውን ገጥማችሁ በእጅ አዙሩት፤ ፍሬኑን ከነካ ቸርኬው ተጣሟል፤ ማርሹን አንድ በአንድ እስከ ትልቁ ጥርስ ድረስ ቀይሩ፤ ቀያሪው ወደ ውስጥ ከጎበጠ ትልቁ ጥርስ ላይ ሲገባ የጎማውን ሽቦዎች ይይዛል። ይህን ማታውኑ መናኸሪያው ላይ አድርጉት። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሮቢት የሚከፈት ጋራዥ የለም።